የአንጎል የደም ስሮችና አልዛይመር፦ «እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው በሽታ



አዲስ አበባን ከበው ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ቤተሰቦች አረጋዊ አባት ወይም እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ልጆች በዋና ከተማዋ የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው ወደ እነዚህ ከተሞች ይወጣሉ። ትንሽ ሲደላደሉ ደግሞ ወላጆቻቸውን ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ያመጣሉ። ትልቅ አጅር ያለው ሥራ ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው አባት ከመስጂድ ሲመለሱ ቤታቸው ሲጠፋባቸው፣ እናት ዙህርን ሰግደው ሳለ «አልሰገድኩም» ብለው እንደገና ለውዱእ ሲነሱ፣ የበሉትን ምሳ ረስተው «ምግብ ከለከሉኝ» ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ ነው። ያኔ ቤተሰቡ ከሁለት አንዱን ይላል፤ ወይ «ጃጅተዋል»፣ ወይ «ጂን ነክቷቸዋል»።

ሁለቱም አባባል ታማሚውን ከሐኪም ያርቃል። በዚህ ጽሑፍ ስለ አልዛይመር በሽታ፣ በተለይም የአንጎል የደም ስሮች በበሽታው ውስጥ ስላላቸው ድርሻ እናነሳለን። ይህን ጎን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አልዛይመር ከሚታወቀው ነገር ውስጥ አብዛኛው ገና በቤተ ሙከራ ያለ ነው። የደም ስሮቹ ጉዳይ ግን በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ባለች የግፊት መለኪያ የሚጀመር በመሆኑ ከእጃችን አይርቅም።

አስቀድመን አንድ የሃይማኖት ነጥብ እናጥራ። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ ባስተላለፉት፣ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሕክምና ሲጠየቁ እንድንታከም አዘዋል። አላህ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳደረገለት ነግረው አንድ ነገር ብቻ ለይተዋል፤ እርጅናን። ይህንኑ ይዘው «መርሳት እርጅና ስለሆነ መድኃኒት አይፈለግለትም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ነገር ግን እርጅና ሌላ፣ በእርጅና ዘመን የሚመጣ በሽታ ሌላ ነው። ዘጠና ዓመት አልፏቸው ቁርኣን የሚያስቀሩ ሸይኾች አሉን። በስልሳ አምስት ዓመታቸው የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸውም አሉ። ነገሩ የዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል?

አልዛይመር ምንድን ነው?

በተለምዶ «የመርሳት በሽታ» የምንለውና ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት ነገር የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማስታወስን፣ ማመዛዘንን፣ ንግግርንና የዕለት ተዕለት ተግባርን ቀስ በቀስ የሚያዳክሙ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ችግር ውስጥ ነበሩ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፤ «የነጮች በሽታ» የሚለው ወሬ በዚህ ይወድቃል። ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ኦጉስት ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መርምሮ ነበር። የት እንዳለች አታውቅም፣ የራሷን ስም መጻፍ ጀምራ መሃል ላይ ይጠፋባታል። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሁለት ነገር አገኘ። አንዱ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የተጠራቀመ ደረቅ ክምችት ነው፤ ዛሬ አሚሎይድ ከተባለ ፕሮቲን እንደሚሠራ እናውቃለን። ሌላው በሕዋሳቱ ውስጥ የተተበተበ ክር ሲሆን የሚሠራውም ታው ከተባለ ፕሮቲን ነው። በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሦስተኛ ነገርም ጠቅሶ ነበር። የአንጎሏ ትልልቅ የደም ስሮች ደንድነው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ዓለም አሚሎይድንና ታውን ሲያሳድድ ሦስተኛው ነገር ችላ ተባለ ማለት ይቻላል። ሐኪሞች መርሳትን በሁለት ሳጥን ከፈሉት፤ የደም ስር ችግር ያመጣው በአንዱ፣ አልዛይመር በሌላው። የሞቱ አረጋውያንን አንጎል የመረመሩ ጥናቶች ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜ እጅግ ብዙ መሆኑን አሳይተዋል።

ስንቅ የሌለው አካል

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን ብቻውን ይወስዳል። ጉበትና ጡንቻ ስኳር ያከማቻሉ፤ አንጎል ግን ከእጅ ወደ አፍ ኗሪ ነው። ደም ለጥቂት ሰከንዶች ቢቋረጥበት ሰው ራሱን ይስታል፣ ለደቂቃዎች ቢቋረጥበት ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ስለዚህ አላህ (ሱ.ወ.) አንጎልን በቀጫጭን የደም ስሮች መረብ ሸፍኖታል። የአንድ ሰው አንጎል ቀጫጭን ስሮች ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። ከሱሉልታ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ባሕር ዳርን አልፎ የሚሄድ ርዝመት ነው። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ የራሱ ቧንቧ አጠገቡ አለለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ ስሮች እንደ ሌላው የሰውነት ስር አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1885 ጳውል ኤርሊሽ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ቀለም በእንስሳት ደም ውስጥ ሲጨምር መላ ሰውነታቸው ሲቀልም አንጎላቸው ሳይቀልም ቀረ። ምክንያቱ በኋላ ነው የታወቀው። በአንጎል የደም ስሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የተሰፉ ናቸው። ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሳት በውጭ በኩል አቅፈዋቸዋል፣ በዙሪያቸው ደግሞ ሌሎች ረዳት ሕዋሳት እግራቸውን ተክለዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኬላ ይሆናል። ኬላው ስኳርና ኦክስጅን ያስገባል፣ መርዝና ጀርም ይመልሳል።

የኬላው ሦስተኛ ሥራ ለዛሬው ጉዳያችን ዋነኛው ነው፤ ቆሻሻ ያስወጣል። አሚሎይድ የታመመ ሰው ብቻ የሚያመነጨው ነገር አይደለም። በእኔም በእናንተም አንጎል ውስጥ በየቀኑ ይመረታል፣ በየቀኑም ይጠረጋል። ከፊሉ በደም ስሩ ግድግዳ ላይ ባሉ ተሸካሚዎች ወደ ደም ይወጣል። ከፊሉ በስሮቹ ዳርና ዳር ባለ ፈሳሽ ታጥቦ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይከን ኔደርጋርድ የሚመሩት የአሜሪካ ቡድን ይህን የእጥበት መንገድ በአይጦች ላይ አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመትም እጥበቱ በእንቅልፍ ሰዓት እንደሚበረታ ዘግቧል። በዝርዝሩ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ይህን እጥበት ከሚገፉት ኃይሎች አንዱ ግን የደም ስሮች ትርታ ነው።

ክረምት ሲገባ የሰፈር ቦይ ሲደፈን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዝናቡ ያው ነው፣ የሚለወጠው የሚወጣበት መንገድ ነው። በብዙዎቹ የአልዛይመር ታማሚዎች ዘንድም አሚሎይድ የሚከማቸው ከመጠን በላይ ስለተመረተ ሳይሆን መውጫው ስለደከመ ነው የሚለው አስተያየት ዛሬ ብዙ ደጋፊ አለው። በዓመታት የደም ግፊት የደነደነ ስር እንደ ልቡ አይመታም፣ ተሸካሚዎቹም ይቀንሳሉ።

ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። የተጠራቀመው አሚሎይድ በተራው የደም ስሮችን ያጠቃል። በስሮቹ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሩ ይሳሳል፣ ጥቃቅን ደም መፍሰስ ያመጣል፤ አንዳንዴም ትልቅ ደም ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደን ተመራማሪዎች ደግሞ አሚሎይድ ፔሪሳይቶችን አኮማትሮ ቀጫጭኖቹን ስሮች እንደሚያጠብብ አሳዩ። ስሩ ሲጠብ ደም ይቀንሳል፣ ደም ሲቀንስ ጽዳቱ ይደክማል፣ ጽዳቱ ሲደክም አሚሎይዱ ይበዛል። አዙሪት ነው።

የቱ ቀደመ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,171 ሰዎች የተነሱ ከ7,700 በላይ የአንጎል ምስሎችን አነጻጽረው ነበር። በአረጋውያን ላይ በሚመጣው አልዛይመር ሂደት ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ለውጥ የአንጎል የደም ፍሰት መዛባት ሆኖ አገኙት፤ ከአሚሎይዱም በፊት። በ2019 ደግሞ በካሊፎርኒያ በበሪስላቭ ዝሎኮቪች የሚመራ ቡድን የኬላው መላላት መርሳት ገና በሚጀምርበት ጊዜ እንደሚታይ ዘገበ፤ የአሚሎይድና የታው መጠን ያልጨመረባቸው ሰዎችም ላይ። ኤፒኦኢ አራት የተባለው የዘር ቅንጣት ያላቸው ሰዎች ለአልዛይመር የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። ይኸው ቡድን በ2020 በእነዚህ ሰዎች ላይ ኬላው ቀድሞ እንደሚላላ ጨምሮ ገልጿል።

ከዚህ ተነስቶ «አልዛይመር የደም ስር በሽታ ነው» ብሎ መደምደም ግን መቸኮል ነው። ምስል አንድ ነገር ከሌላው መቅደሙን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም። በእኛ ግምት ለተራው ሰው የበለጠ ክብደት ያለው ሌላ ጥናት ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ የሚኖሩ የካቶሊክ መነኮሳትን ለዓመታት ተከታትለው፣ ሲሞቱም በፈቃዳቸው አንጎላቸውን መርምረው ነበር። መነኮሳቱ የሚበሉት፣ የሚኖሩበት፣ የሚሠሩት ተመሳሳይ ስለሆነ ለማነጻጸር ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከታተመው ውጤት እንደምንረዳው፣ በአንጎላቸው ላይ የአልዛይመር ምልክት ከተገኘባቸው 61 መነኮሳት መካከል በሕይወት ሳሉ የመርሳት በሽታ ያልታየባቸው ነበሩ። ከአልዛይመሩ በተጨማሪ በአንጎላቸው ጥልቅ ክፍል በደም መቋረጥ የተፈጠሩ ትንንሽ ጠባሳዎች የተገኙባቸው ግን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የመርሳት በሽታ የመታየት ዕድላቸው 20 እጥፍ ገደማ ነበር።

ትርጉሙን ልብ እንበል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የአሚሎይድና የታው ሸክም ተሸክመው አንዱ አእምሮው ሳይጎድል ወደ አኺራ ሊሄድ ይችላል፣ ሌላው ልጆቹን ሳያውቅ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሚዛኑን ከሚያዘነብሉት ነገሮች አንዱ የደም ስሮቹ ጤንነት ነው። ስለዚህ የቱ እንደቀደመ እስኪታወቅ ድረስ መጠበቅ አያስፈልገንም።

ግፊትን ማውረድ አእምሮን ይጠብቃል?

የአንጎልን ቀጫጭን ስሮች ከሚጎዱ ነገሮች ግንባር ቀደሙ የደም ግፊት ነው። ስኳርና ትምባሆ ይከተላሉ። ግፊት ሕመም የለውም። ሰውየው ሥራውን እየሠራ፣ እየሰገደ፣ ልጆቹን እያስተማረ ለሃያ ዓመት ሊኖርበት ይችላል። ጉዳቱ የሚጠራቀመው በተለይ ከ40 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ነው። ውጤቱ ግን የሚታየው በ75 ዓመት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአያቶችን ያህል ለአባቶች፣ ለእናቶችና ለጎልማሶች ነው።

በአሜሪካ ስፕሪንት በተባለው ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ9,300 በላይ ባለ ግፊት ሰዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። የአንደኛው ወገን የላይኛው ግፊት ከ140 በታች፣ የሁለተኛው ከ120 በታች እንዲሆን ታከመ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት ግፊታቸው ይበልጥ የወረደላቸው ሰዎች መለስተኛ የማስታወስ ችግር በ19 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ሙሉ የመርሳት በሽታንም የመቀነስ አዝማሚያ ታይቷል፤ ነገር ግን ጥናቱ አስቀድሞ ስለቆመ ቁጥሩ ለማረጋገጫ አልበቃም።

ክፍተቱን የሞላው ከቻይና ገጠር የመጣው ጥናት ነው፤ ለእኛም ይበልጥ የሚቀርበን እርሱ ነው። በ326 መንደሮች የሚኖሩ 33,995 ግፊታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች ተሳትፈዋል። በግማሾቹ መንደሮች ሕክምናውን የመሩት የልብ ስፔሻሊስቶች አልነበሩም። አጭር ሥልጠና ያላቸው የመንደር ሐኪሞች ነበሩ፤ መድኃኒት ያስጀምራሉ፣ በየጊዜው ይለካሉ፣ ስለ ጨውና ስለ ክብደት ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር ሜዲሲን ላይ እንደታተመው ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚህ መንደሮች የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የተጠቀሙባቸው ርካሽና የተለመዱ የግፊት መድኃኒቶች ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት በሚዞርበት አገር ይህ የማይቻል ነው የሚል ካለ ምክንያቱን ቢነግረን ደስ ይለናል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሲታይ

ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፈው ሁሉ ኑሮው ከገጠሩ ተለውጧል። ከእርሻ የመጣው አባት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚራመድ፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከሶፋ ወደ መስጂድ ብቻ እንደሚሄድ ማሰብ ይበቃል። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። የጨው ፍጆታችን በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ወጡ ላይ፣ በርበሬው ውስጥ፣ ቋንጣው ላይ፣ በአንዳንድ አካባቢ ቡናው ላይ ሳይቀር ጨው አለ። ከወሎ የመጡ እናታችንን «ቡናዎን ያለ ጨው ይጠጡ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ግን ይቻላል።

ጫትን ሳናነሳ ብናልፍ ለአንባቢያችን ታማኝ አንሆንም። ሸሪዓዊ ብይኑን ለዑለማዎቻችን እንተወውና፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ስር አጥብቦ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እንቅልፍም ይነሳል፤ የአንጎል እጥበት በእንቅልፍ ይበረታል ያልነውን ያስታውሷል። ሺሻና ሲጋራ አብረው ሲጨመሩበት የጉዳቱ መጠን ይብሳል። ግፊት እያለበት የሚቅም ሰው መድኃኒቱን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው እያፈሰሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት የመርሳት በሽታን የሚያባብሱና ሊለወጡ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ግፊት፣ ስኳር፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ትምባሆ፣ ውፍረትና እንቅስቃሴ ማጣት አሉበት፤ ሁሉም በደም ስር በኩል የሚያልፉ ናቸው። የአየር ብክለትም አለ። በማገዶና በከሰል ጭስ ውስጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናቶቻችንን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የመስማት ችግርና ብቸኝነትም ተጠቅሰዋል። መስማት ያቃታቸው አባት ከወሬ እየራቁ፣ ከወሬ ሲርቁ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። በእግር ወደ መስጂድ መሄድና በጀማዓ መስገድ ዒባዳ ነው፤ መድኃኒት ነው ብለን አናሳንሰውም። ሆኖም እግርን የሚያንቀሳቅስ፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ መሆኑን ማንም አይክድም።

ስለ መለካት አንድ ነገር እንጨምር። ቡና ጠጥቶ፣ ቅሞ ወይም ከታክሲ ወርዶ እየሮጡ ገብቶ የተለካ ግፊት አያስተማምንም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቡናና ከሲጋራ ርቆ፣ አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የግፊት ሕመም ነው ይባላል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና። ማርና ጥቁር አዝሙድ የሚወስድ ይውሰድ፤ የሐኪሙን ክኒን ግን አይተኩም። በረመዷን አብዛኛው የግፊት መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ማዛወር ይቻላል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ስኳር ያለባቸውና በጣም ያረጁ ሰዎች ግን ረመዷን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪማቸውን ማነጋገር አለባቸው።

ምልክቱ ከታየስ?

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት በሽታ አይደለም። ቁልፉ ለምን እንደሆነ መርሳት ግን ያሳስባል። አንድን ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ በለመዱት መንገድ መጥፋት፣ የገንዘብ ሒሳብ መምታታት፣ ፀባይ መለወጥ ሲታይ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስተውለው በሶላት አጠገባቸው የሚቆመው ሰው ነው፤ የረከዓ ቁጥር ሲሳሳቱ ያያልና። ኢማሞቻችንና የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ለቤተሰብ በምስጢር ቢነግሩ ትልቅ ውለታ ነው።

መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ከሰበታ በጅማ መንገድ ለሚመጣ አለርት ይቀርባል፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለሚመጣ ቅዱስ ጳውሎስ። ጥቁር አንበሳም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና ነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ስለዚህ ከቀድሞው የተሻለ ቢሆንም ወረፋው ረጅም ነው። መጠበቁ ግን ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም አልዛይመር የሚመስሉና የሚድኑ ሕመሞች አሉ። የቢ 12 ቫይታሚን እጥረት፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ድብርት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ ከወደቁ በኋላ ቀስ ብሎ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያስረሳሉ። «ጃጅተዋል» ተብለው ሳይታዩ ከቀሩ አባቶች መካከል መዳን የሚችሉ እንዳሉ ማሰብ ያማል።

አልዛይመሩ ከተረጋገጠ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ዶኔፔዚልን የመሳሰሉ ክኒኖች ለአንዳንዱ ለጊዜው ያግዛሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ የተባሉ አሚሎይድን የሚጠርጉ መርፌዎች ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሌካኔማብ በ18 ወር ጥናት የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። የሚያስገርመው የሁለቱም ዋና ጉዳት በደም ስሮቹ ላይ መታየቱ ነው። አሚሎይዱ ከስሮቹ ግድግዳ ሲነሳ በአንዳንድ ታማሚዎች አንጎል ያብጣል፣ ጥቃቅን ደም ይፈሳል። ስለዚህ በኤምአርአይ እየተደጋገሙ መታየት ግድ ነው። ዋጋውንም ስናስበው ለሱሉልታ ቤተሰብ ዛሬ ሩቅ ነው።

ሩቅያ በቁርኣንና በዱዓ እስከሆነ ድረስ ማንም አይከለክለውም፤ ሕክምናንም አይከለክልም። ታማሚን ማሰር፣ መምታት፣ በጭስ ማፈን፣ ምግብና መድኃኒት መከልከል ግን በሩቅያ ስም የሚደረግ በደል ነው። አእምሮውን ያጣ ሰው ተጠያቂነት እንደሚነሳለት በሐዲስ የታወቀ ስለሆነ፣ ሶላት ሲያሳስቱ ወይም የረመዷንን ቀን ረስተው ሲበሉ መቆጣት አያስፈልግም። ዝርዝሩን ዓሊም መጠየቅ ነው። ሐሳባቸውን ከማረም ይልቅ ወደ ሌላ ወሬ መውሰድ ይሻላል። «ምሳ በልተዋል!» ብሎ ከመከራከር «አባባ፣ ሻይ ላምጣ?» ማለት ቤቱን ያረጋጋል። የሚያስታምመው ሰው፣ ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም ምራት፣ ሌሊት ተነስታ የምትውለው እርሷ ናትና ወንድሞች ተራ ይግቡላት።

የጅማ መንገድ ሰበታን፣ የአምቦ መንገድ ቡራዩን፣ የጎጃም መንገድ ሱሉልታን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ከባድ መኪናም ሌት ተቀን ይመላለስባቸዋል። መንገድ የሚጠፋባቸው አባት ወይም እናት ካሉ ስማቸውን፣ የልጃቸውን ስልክና የሰፈራቸውን መስጂድ ስም በወረቀት ጽፎ በላስቲክ ሸፍኖ በጀለቢያቸው ወይም በቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ መስፋት ይጠቅማል። ለሱቁ ባለቤት፣ ለሙአዚኑና በማዞሪያው ላይ ለሚቆሙት የባጃጅ ልጆችም አስቀድሞ መንገር ነው።